ሻጩ ከመንገድ ሲጠፋ፦ ስለ ሐሺሽ ሽያጭና ስለ ጠቡ ከሐዋሳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አቶቴ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ቀደም ሲል ከሱቄ ማዶ፣ መብራት እንጨቱ ሥር፣ ልጆች ቆመው ሐሺሽ ይሸጡ ነበር። ሲመሽ ይሰዳደባሉ፣ ይደባደባሉ፣ አንዳንዴም ጩቤ ይማዘዛሉ። አሁን የሚቆም የለም። ባጃጅ ይመጣና ደቂቃ ሳይሞላው ይሄዳል። ጎረቤቶቼ 'ተገላገልን' ይላሉ። ኒውዮርክ ረጅም ዓመት የኖረው ወንድሜ ግን 'እኛም ጋ እንዲህ ነው የጀመረው፤ ቀጥሎ ጥይት ነው' እያለ ያስፈራራኛል። የማንን ልመን? የእህቴ ልጅም እዚህ ነገር ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ክኒንም ይውጣል ይባላል። ባጃጁን ለፖሊስ ልጠቁም ወይስ አርፌ ልቀመጥ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ወንድምዎ የሚናገሩት ያዩትን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ተምታቶባቸዋል። ኒውዮርክ ላይ ጥይቱ የመጣው ሻጩ መንገድ ላይ በቆመበት ዘመን ነው። በስልክ ማዘዙና ቤት ድረስ ማድረሱ ከዚያ ወዲህ የተከተለ ነገር ነው፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ ተኩሱ ረገበ እንጂ አልባሰበትም። ጎረቤቶችዎም ቢሆኑ ግማሹን ነው የያዙት። ጠቡ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሽያጩ ቀነሰ የሚያሰኝ ነገር ግን ከነገሩኝ ውስጥ አላገኘሁም። ሽያጭና ጠብ አብረው የሚወጡ፣ አብረው የሚወርዱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ነው የሚንቀሳቀሱት። ይህን ለማስረዳት ራቅ ብዬ ልጀምር። የውጭ አገሩን ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ሐሺሽ አጭሶ አበደና ወጋው» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ይሰማል። አንዳንዴም እውነት ነው። ግን ዕፅ ያለበት ጠብ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ፖል ጎልድስታይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1985 ነገሩን በሦስት ከፍሎ አስቀመጠው። አንደኛው ዕፁ ራሱ የሰውን አእምሮ አናግቶ የሚያመጣው ጠብ ነው። ሁለተኛው ሱስ የያዘው ሰው መግዣ ሲያጣ የሚፈጽመው ቅሚያና ዘረፋ ነው። ሦስተኛው ከንግዱ የሚወለድ ነው፦ የመሸጫ ቦታ ሽሚያ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተቀላቀለ ዕቃ፣ «ለፖሊስ የጠቆምከው አንተ ነህ» የሚል ክስ። ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ በዚህ ብቻ አላበቁም። በ1988 ኒውዮርክ ውስጥ የተፈጸሙ 414 ግድያዎችን አንድ በአንድ መረመሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ከዕፅ ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሦስተኛው ዓይነት ነበሩ። ዕፁ አናቱ ላይ ወጥቶ ሰው ገደለ ከተባሉት ጥቂቶች ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹን ያሰከራቸው አልኮል ነበር። ያንን ሁሉ ሰው የጨረሰው የገበያው አሠራር ነው ማለት ነው፤ የዕፁ ኃይል ብቻውን አያደርገውም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ኒውዮርክ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን የጫት መደብሮች ያስቡ። ከቀትር በኋላ ጫቱ በኮባ እንደተጠቀለለ ሲራገፍ ግርግሩና የዋጋ ክርክሩ ጆሮ ያደነቁራል። በአንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ የሚዞረው ገንዘብ ከሱቅዎ ማዶ ይቆሙ የነበሩት ልጆች በወር ከሚያዩት ይበልጣል። ሆኖም አንዷ ቸርቻሪ የሌላዋን ቦታ ብትይዝባት ጩቤ አትመዝባትም። ቀበሌ አለ፣ ደንብ አስከባሪ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ዱቤ የወሰደባት ደንበኛ ስሙ ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ቢክዳት ሽማግሌ ታስቀምጥበታለች፤ ነገሩ ከጠና ሶንጎ፣ ማለትም የሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ዘንድ ይደርሳል። ጫትን እያሞገስኩ እንዳይመስልዎ፤ በየቤቱ ያደረሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ነገሩ ይህ ነው፦ ሐሺሽ የሸጠው ልጅ ግን «400 ብሬን በልቶብኛል» ብሎ የት ሄዶ ይከሳል? የትኛው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል? ዳኛ የሌለው ንግድ ዳኛውን ጡንቻ ያደርጋል። ጠቡ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው፤ ምን ያህል ይከፋል የሚለውን የሚወስኑት ደግሞ ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የኒውዮርክ ታሪክ እነዚያን ነገሮች ለይቶ ስለሚያሳይ ነው የማነሣው።

በ1970ዎቹ እዚያ መንገዱን የያዘው ሄሮይን ነበር። የኒውዮርክ ግዛት በ1973 ሮክፌለር በሚባለው አገረ ገዥ ስም የሚጠራውን ሕግ አወጣ፤ 2 አውንስ፣ በእኛ 57 ግራም ገደማ፣ የሸጠ ሰው ቢያንስ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይታሰር ነበር። ነጋዴዎቹ መላውን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። ዕቃውን የሚይዙት፣ የሚያቀብሉትና ፖሊስ ሲመጣ የሚጮኹት ሕጉ እንደ አዋቂ የማይቀጣቸው ልጆች ሆኑ። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታችኛው ምሥራቅ ማንሃተን በሚባለው ክፍል የተጣሉ ሕንፃዎች ፊት ሰው እንደ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሄሮይን ይገዛ ነበር። በየፓኬቱ ላይ የንግድ ምልክት ታትሞበታል፤ ሻጩ ስሙን እየጠራ ይለፍፋል። በጥር 1984 ፖሊስ በመቶዎች የሚቆጠር ኃይል አሰማርቶ አካባቢውን አጸዳው። ሰልፉ ተበተነ፤ ገዢው ግን ሄሮይኑን አልተወም፤ ሻጩም ሌላ ጥግ ፈለገ።

እዚህ ላይ ክራክ መጣ። ክራክ ኮኬይን ነው፤ ከመጋገሪያ ሶዳና ከውሃ ጋር ተፈልቶ የሚጨስ ድንጋይ የሆነ። ከዱቄቱ የሚለይበት ዋናው ነገር በፍሬ መሸጡ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ተከቶ በ5 ወይም በ10 ዶላር ይቸበቸባል፤ የብልቃጡ ክዳን ቀለም የማን ዕቃ እንደሆነ ይናገራል፤ ቀዩ የእነ እገሌ፣ ሰማያዊው የእነ እገሌ። ስሜቱ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ሄሮይን የሚወስደው ሰው በቀን ጥቂት ጊዜ ቢመጣ ክራክ አጫሹ አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ይህ የንግድ ነገር ስለሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ይገባዎታል፦ ደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ የሚመላለስበት በር ከሌላው በር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዲት የመንገድ ጥግ በድንገት ትልቅ ሀብት ሆነች። ወረቀት ያላት፣ ካርታ ያላት ሀብት ብትሆን ኖሮ በውል ትከራይ ነበር፤ ያልሆነች ስለሆነ በጉልበት ተያዘች።

የሚይዟት ደግሞ እነማን ናቸው? የድሮው ሄሮይን ነጋዴ አለቃና ምንዝር ያለው፣ የማን ክልል የት እንደሚያበቃ የሚያውቅ አደረጃጀት ነበረው፤ ደም ማፍሰሱ ባይቀርም ወሰን ነበረው። ክራክ ግን ምጣድና ሶዳ ያለው ሁሉ የሚሠራው ሆነ። አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ገቡበት። በእጃቸው ብዙ ጥሬ ገንዘብ አለ፤ ቢዘረፉ ፖሊስ አይጠሩም፤ ስለዚህ ሽጉጥ ገዙ። አልፍሬድ ብሉምስታይን የተባለው ምሁር ከሁሉ የከፋውን ያየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሻጩ ሲታጠቅ ሻጭ ያልሆነው የክፍል ጓደኛው ፈራና ታጠቀ። ያንን ያየው ሌላውም ታጠቀ። ድሮ በቡጢ ያልቅ የነበረው የጫማ፣ የሴት፣ የ«ለምን አፈጠጥክብኝ» ጠብ ከዕፅ ጋር ምንም ሳይገናኝ በጥይት ማለቅ ጀመረ። ከ1985 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የፈጸሙት ግድያ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የአዋቂዎቹ ግን እንዲያ አልጨመረም። ወንድምዎ «ጥይት» የሚሉት ይህንን ነው።

ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለኋላው ጥያቄዎም ያስፈልገናል። የካቲት 1988 ኩዊንስ በሚባለው የኒውዮርክ ክፍል ውስጥ ኤድዋርድ በርን የሚባል የ22 ዓመት ፖሊስ መኪናው ውስጥ ሌሊት ለብቻው ተቀምጦ አንድ ቤት ይጠብቅ ነበር። ቤቱ በመንገዱ የሚሸጡትን ደጋግሞ ለፖሊስ ያመለከተ አንድ ስደተኛ ቤት ነው፤ ሻጮቹ ቤቱን በእሳት አጥቅተውታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰዎች መጥተው ፖሊሱን በተቀመጠበት በጥይት ገደሉት። ትእዛዙ የተላለፈው እስር ቤት ካለ አለቃ ነው። ከተማይቱ ከዚያ በኋላ ልዩ የዕፅ ፖሊስ ቡድኖችን በየሰፈሩ አሰማራች፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ታሰረ፤ ግድያው ግን መውጣቱን ቀጥሎ በ1990 2,245 ደረሰ። በ2017 በዚያው ከተማ ስንት ሆነ? 292። ሕዝቡ ጨምሮ ነው እንግዲህ።

ለምን ወረደ የሚለው ላይ ምሁራኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፖሊስ «የእኔ ሥራ ነው» ይላል፤ ድርሻም አለው። ብዙ ሰው መታሰሩ፣ የኢኮኖሚው መሻሻል፣ ሌላም ሌላም ይነሣል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ታናናሾቹ ናቸው። ብሩክሊን በሚባለው የከተማዋ ክፍል ውስጥ በታላላቆቹ ላይ ክራክ ያደረሰውን እያየ ያደገው ልጅ ክራክ አጫሽ መባልን የስድብ ሁሉ ስድብ አደረገው፤ ማሪዋና ያጨሳል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ክራክ ግን አይነካም። አዲስ ደንበኛ ያልመጣለት ገበያ አረጀ። ሁለተኛው ስልክ ነው። ፔጀር የሚባለው፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው የጥሪ መሣሪያ በ1990ዎቹ በሻጮች ዘንድ ተለመደ። ከተማዋ የመንገድ ላይ ስልኮች ጥሪ እንዳይቀበሉ እስከ ማድረግ ደርሳ ነበር፤ ሞባይል መጥቶ ያንን ሁሉ ከንቱ አደረገው። ገዢው ሻጩን ካወቀ፣ ሻጩም ገዢው ቤት ከሄደ መንገዱ ላይ መቆም ለምን ያስፈልጋል? ማንም የማይቆምበት ጥግ ደግሞ ማንም አይሞትለትም። እርስዎ ከሱቅዎ ሆነው ያዩት ይህንኑ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ፣ በባጃጅ።

ታዲያ ጥሩ አይደለም ወይ? ለአላፊ አግዳሚው ጥሩ ነው፤ ይህን ሸፋፍኜ አላልፈውም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጩቤ የማያዩበት መንገድ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎረቤቶችዎ በዚህ ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ጠቡ ከመንገድ ወደ ቤት ይገባል። እንግሊዝን ይመልከቱ። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የለንደንና የሊቨርፑል ሻጮች አንድ የስልክ ቁጥር ይዘው ወደ ትናንሽ ከተሞች ተስፋፉ። ቁጥሩን የያዘው አለቃ ከተማው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዕቃውን በባቡር ይዞ የሚመላለሰው የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ነው። ልጁን የሚያስሩት በዕዳ ነው። መጀመሪያ ጫማና ስልክ ይገዙለታል። ቀጥሎ ዕቃ ያሸክሙታል። ከዚያ መንገድ ላይ ይዘረፋል፤ የዘረፉት ብዙ ጊዜ የራሱ አለቆች የላኳቸው ናቸው። «ያጠፋኸውን ሠርተህ ክፈል» ይባላል። ከፍሎ አይጨርስም። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ልጁ ግን በር ተዘግቶበት ይደበደባል። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ሻጭና ገዢ ጨርሶ ሳይተያዩ ዕቃው ተቀብሮ ቦታው በኢንተርኔት የሚላክበት አሠራር ሰፍኗል፤ ትልቁን የድረ ገጽ ገበያቸውን የጀርመን ፖሊስ በሚያዝያ 2022 ቢዘጋውም አሠራሩ ቀጥሏል።

ጸጥታው ሌላም ገመና አለው። በ1990 በመላው አሜሪካ የተገደለው ሰው 23,000 ገደማ ነበር፤ አገሩ ሁሉ «አለቅን» አለ። ከ2021 እስከ 2023 ደግሞ በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው ዕፅ በዝቶበት ሞተ፤ አብዛኛው ፈንታኒል በሚባለው፣ ከሄሮይን 50 እጥፍ በሚያይል ሰው ሠራሽ መድኃኒት። ጥይት አልተሰማም። በየመኝታ ቤቱ፣ በየመኪናው ውስጥ ነው ያለቁት። የመንገዱ ጸጥታ ስለ ቤቱ ምንም አይነግረንም።

ወደ ሐዋሳ ልመለስ። እኛ ጋ የክራክም የፈንታኒልም ገበያ አላየንም። ያለው ሐሺሽ ነው፣ ከመድኃኒት ቤት ሾልኮ የሚወጣ ክኒን ነው፣ የጎዳና ልጆች የሚስቡት ማስቲሽ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አልኮል ነው። ሐሺሹ ሲነሣ ጣት ሁልጊዜ የሚቀሰረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወዳለችው ሻሸመኔ፣ በተለይም ወደ ራስታዎቹ ነው። ንጉሡ 5 ጋሻ መሬት የሰጧቸው ማኅበረሰብ ተክሉን ለአምልኮ እንደሚጠቀምበት ይናገራል፤ ሕጋችን ለዚያ ልዩ ፈቃድ አልሰጠም። ነገር ግን ሐዋሳ በየባጃጁ የሚዞረው ሁሉ የእነሱ ነው ማለት ስንፍና ነው። የሚያመርተው የአካባቢው ገበሬ አለ፣ የሚያጓጉዘው አለ፣ የሚቸረችረው የእኛው ልጅ ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ደመወዝተኛ የገባባት፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር በእንግዳ የምትጥለቀለቅ ናት። ገዢ አይጠፋም።

ከወጣቶችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በምሠራው ሥራ የማየው ጠብ በአብዛኛው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዓይነት ነው፦ ከምርቃና በኋላ ጨብሲ የተደረገበት ምሽት፣ የተቀማ ስልክ፣ ሴንጢ። የቦታ ጦርነት የሚባለው በአሜሪካ በነበረበት መጠን አልደረሰብንም፤ ለምን ቢሉ ገበያው በአንድ ጥግ ያን ያህል ገንዘብ የሚዝቅ ሆኖ አያውቅም፤ ሽጉጥም በየጎረምሳው ኪስ አልገባም። የሚያሳስበኝ ይህ የሽጉጡ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ ይሁንና ባለፉት ዓመታት በአገሪቱ የተዘዋወረው መሣሪያ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሰፈርዎ ጠብ ውስጥ ከጩቤ ሌላ ነገር የታየ ቀን ወንድምዎ ትክክል መሆን ይጀምራሉ። እስከዚያው ግን ዓይንዎን ዕዳው ላይ ያድርጉ እላለሁ። ስልክ ማዘዣ በሆነበት ገበያ ጠቡ የሚጀምረው «ነገ እከፍላለሁ» ላይ ነው።

ይህ ወደ እህትዎ ልጅ ያመጣናል። «ታጨሳለህ ወይ?» ብለው አይጀምሩት፤ «አላጨስም» ይልዎታል፣ በዚያው ያልቃል። «ለማን ስንት አለብህ?» ብለው ይጠይቁት። ስልኩ ጠፋ ካለ፣ አዲሱ ጫማ ከእግሩ ከጠፋ፣ የእናቱ ወርቅ ከተነካ፣ ወይም በተቃራኒው ሥራ ሳይኖረው ቴሌብሩ ላይ ገንዘብ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ዕዳ ወይም ተላላኪነት አለ ማለት ነው። እሱ «ለጓደኛዬ አደረስኩለት እንጂ አልሸጥኩም» ሊል ይችላል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ይህን አይለይለትም፤ መያዝ፣ ማጓጓዝ፣ መደለል፣ መሸጥና መጠቀም እዚያው አንድ ላይ ተዘርዝረዋል፤ ቅጣቱም እስከ ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይህን የሚያስረዳው የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ አጎቱ ወይም የነፍስ አባቱ ይሻላሉ። እናቱ እያለቀሰች የምትለውን ልጅ ሁሉ ሰምቶ ያልፋል።

ዕዳ ካለበት ቤተሰቡ ይክፈል ወይ? ይህን ጥያቄ አላነሱም፤ ግን ይመጣልዎታል። እኔ ክፈሉ አልልም። አንዴ የከፈለ ቤተሰብ ሁለተኛ እንደሚከፍል ይታወቅበታል፤ ልጁም ይበልጥ ዋጋ ያለው መያዣ ይሆናል። ከተቻለ ሲም ካርዱን ጥሎ ለተወሰነ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ዘመድ ጋ ይቀመጥ፤ ገጠር ያለ አያት እዚህ ላይ ከማንኛውም ባለሙያ ይበልጣል። ቤት ድረስ መጥቶ የሚዝት ሰው ካለ ግን ያ የዕፅ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዛቻ ወንጀል ሆኗል፤ ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ለየብቻ ሳይሆን፣ ጣቢያ ሄዶ ያመልክት።

ባጃጁን በተመለከተ፦ ለፖሊስ መንገር ተገቢ ነው፤ የሚነገረውና የሚነገርበት መንገድ ግን ይለያያል። ሹፌሩ ምን እንደያዘ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ለሰው እንጀራ ያደርሳል፣ ሲሚንቶ ያደርሳል፣ የታሰረ ፌስታልም «አድርስልኝ» ይባላል። ስለዚህ «ሐሺሽ ነጋዴ ነው» ብለው አይክሰሱ። ታርጋውን፣ ሰዓቱን፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚመላለስና የት ቆሞ ማን እንደሚቀርበው ብቻ ያስተውሉ፤ ይህን ለአካባቢው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ኃላፊ በአካል ይንገሩ። ሱቅዎ በር ላይ ቆመው አይንገሩ፤ ፖሊሱም ወደ ሱቅዎ አይምጣ። ፎቶ አንሥተው ፌስቡክ ወይም የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይለጥፉ። የኩዊንሱን ስደተኛ ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ ያመለከተ ሰው ማንነቱ ከታወቀ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ፖሊስ እንኳ ላያድነው ይችላል። ከእድርዎ ወይም ከቀበሌ ምክር ቤት አምስት ስድስት ሰው በጋራ ቢያመለክት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ያኔ ጥቆማው የአንድ ሰው ስም አይኖረውም። ፖሊስ አንድ ቀን ቢመጣና አራት ልጅ አፍሶ ቢሄድ ደግሞ ሥራው አለቀ ብለው አይጠብቁ። በ1984ቱ አፈሳ ላይ ያየነው ነው፤ ሻጩ ቦታ ይቀይራል። እንዲያውም የታሰሩት የያዙት ገበያ ባዶ ሲሆን ሁለት አዲስ ቡድን ከመጣበት ጠቡ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን ሱቅዎን ቀደም ብለው ቢዘጉ አይጎዱም።

ሥራ ስለሌለው ነው የሚገባበት የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው፤ ግን ልጁ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ከገባ ተታልሏል። የአንድ የቺካጎ ቡድን የአራት ዓመት የሒሳብ መዝገብ ተመራማሪዎች እጅ ገብቶ ሌቪትና ቬንካቴሽ በ2000 አሳትመውታል። አለቃው ደህና ይኖራል። ጥግ ላይ የሚቆመው ልጅ በሰዓት የሚያገኘው ሃምበርገር ቤት ከሚሠራው የማይሻል ነበር፤ ከመካከላቸውም በዓመት ከ100 7 ያህሉ ይገደሉ ነበር። ብዙዎቹ ከእናታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የእኛው ተላላኪም ከዚህ የተለየ ሒሳብ የለውም፤ አንድ ቀን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ገቢውን በሰዓት አካፍሉትና ይየው።

የመጨረሻው ነገር ክኒኑ ነው፤ ከሁሉ የሚያስቸኩለኝም እሱ ነው። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎ «ይተወዋል» ይላል። ሐሺሽ ብቻ ከሆነ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይከብደዋል፤ ከዚያ አልፎ ሕይወቱን የሚያሰጋው እምብዛም ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ የማረጋጊያ ክኒን ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንዘፈዘፍ፣ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል፤ አልኮል በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረም እንዲሁ። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ደግሞ በብዛት ሲወሰድ ራሱ የሚጥል ሕመም ያስነሣል። እነዚህ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሱት። ስለዚህ በር አይቆለፍበት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ጋ የሚቀርበው እንደ ታማሚ ነው፣ እንደ ተከሳሽ አይታይም። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ወይም ማንዘፍዘፍ ከጀመረው ተራ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ያስገቡት። ሲሄዱ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ከአልጋው ሥር ፈልገው ይዘው ይሂዱ፤ ልጁ ስሙን ላያውቀው ይችላል፣ ሐኪሙ ግን ከማሸጊያው ያነበዋል።